ምዕራፍ አምስት፦ በእንግሊዝኛ በር ወደ ጀርመንኛ መግባት

ጀርመን በገባሁ በሁለተኛው ወር ጥርሴን አመመኝና ሐኪም ቤት ደወልኩ። ስልኩን ያነሣችው ሴት «ሃልፕ ድራይ» ብላ ቀጠረችኝ። «ሃልፕ» ግማሽ፣ «ድራይ» ሦስት መሆኑን አውቃለሁ። እንግሊዞች «ግማሽ ሦስት» ሲሉ ሦስት ተኩል ማለታቸው ስለሆነ እኔም በፈረንጅ ሰዓት ሦስት ተኩል ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። ስደርስ ቀጠሮዬ ካለፈ አንድ ሰዓት ሆኖታል። ቀጣዩ ክፍት ቦታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነበር፤ እስከዚያ በአንድ ጎን እያኘክሁ ከረምኩ።

«ሃልፕ ድራይ» ሁለት ተኩል ነው። ጀርመኖች እዚህ ላይ የሚያዩት ያለፈውን ሰዓት ሳይሆን የሚመጣውን ነው፤ ወደ ሦስት የሚወስደው መንገድ ተጋምሷል ማለታቸው ነው። ነገሩ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እኛም «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ስንል ዓይናችንን በሚመጣው ሰዓት ላይ ጥለናል። «ሃልፕ ድራይ»ን «ለሦስት ግማሽ ጉዳይ» ብሎ ለራሱ የተረጎመ አማርኛ ተናጋሪ ከዚያ ወዲያ አይሳሳትም። መፍቻው በገዛ ቋንቋዬ ውስጥ እያለ ከእንግሊዝኛ ልበደር ሄጄ ነው ቀጠሮዬን ያጣሁት።

አማርኛ ተናጋሪ ጀማሪዎች በጀርመንኛ ቃላት ላይ የሚሠሯቸው ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው። አንደኛ ደረጃ ጨርሰን በእንግሊዝኛ የተማርን ሰዎች አዲስ የፈረንጅ ቃል በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የምናንኳኳው የእንግሊዝኛን በር ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ዘመዳሞች በመሆናቸው በሩ ብዙ ጊዜ ይከፈታል። ችግሩ አንዳንዴ የሚከፈተው ወደ ሌላ ቤት መሆኑ ነው። (በዚህ ምዕራፍ የጀርመንኛ ቃላትን በፊደላችን ስጽፍ «እኔ» የሚለውን ቃል «ኢኽ» እያልኩ ነው፤ «ኽ» በዚህና በመሰሎቹ ቃላት እንደ ጉሮሮ ድምፅ ሳይሆን ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግታ እንደምታወጣው ቀጭን ነፋስ ይነበብ። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።)

ከሁሉ አስቀድሞ ሰው የሚያስደነግጠው «ጊፍት» ነው። እንግዳ ሆኖ ለምሳ የተጠራ ሰው ቡና ወይም ነጠላ ጠቅልሎ ይሄድና በጀርመንኛ «ጊፍት ይዤላችሁ መጣሁ» ይላል። «ጊፍት» መርዝ ነው። ስጦታ «ጌሼንክ» ይባላል። ሁለቱ ቋንቋዎች እዚህ የተለያዩት በከንቱ አይደለም፤ ቃሉ በጥንቱ ጀርመንኛ በእርግጥ «መስጠት» ማለት ነበር፤ ኋላ ላይ ለሰው የሚሰጥ የመድኃኒት መጠን፣ ቀጥሎም የሚገድል መጠን እየተባለ ወደ መርዝ ወረደ። የጥንቱ ትርጉም ዛሬም «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል ውስጥ አለ፤ ሙሽራይቱ ከወላጆቿ ቤት ይዛ የምትወጣው ንብረት ነው።

«በኮመን» ሌላው ነው። «ሐኪም መሆን እፈልጋለሁ» ለማለት የተነሣ ሰው እንግሊዝኛው ጆሮው ላይ እያቃጨለ «በኮመን» ብሎ ከተጠቀመ «ሐኪም ማግኘት እፈልጋለሁ» ብሏል። «በኮመን» ማግኘት፣ መቀበል ነው፤ መሆን «ቬርደን» ነው። «ሬንተ» ኪራይ አይደለም፤ ጡረታ ነው። «ፋስት» ፈጣን አይደለም፤ «ሊሆን ምንም ያህል አልቀረው» ማለት ነው። «ሼፍ» ወጥ ቤት ውስጥ የሚሠራው ሰው ሳይሆን አለቃ ነው፤ ምግብ አብሳዩ «ኮኽ» ይባላል። «ቬር» የት ይመስላል፤ ማን ነው። የት ደግሞ «ቮ» ነው። «ጊምናዚዩም» ስፖርት መሥሪያ ሳይሆን ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ከእነዚህ ሁሉ ጉዳት ሊያስከትል የሚችለው ግን «ድሮገን» ነው። ለደም ግፊት በየቀኑ ክኒን የሚወስድ ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ «ድሮገን እወስዳለሁ» ካለ ሐኪሙ የሚሰማው ሐሺሽና ኮኬይን ነው። መድኃኒት «ሜዲካሜንት» ነው። ይህን አንድ ቃል ከመሳፈራችሁ በፊት እንድትይዙት እለምናለሁ።

እንግሊዝኛን ለአፍታ ገለል አድርገን አማርኛን ብንጠይቀውስ?

ብርድ የያዘው ጀማሪ ብዙውን ጊዜ «ኢኽ ቢን ካልት» ይላል። እንግሊዝኛው ቃል በቃል ሲገለበጥ ይህ ነው። ጀርመኑ ግን የሚሰማው «እኔ ስሜት የለሽ፣ ልበ ቀዝቃዛ ሰው ነኝ» የሚል ነው። ሙቀት የጠናበት ደግሞ «ኢኽ ቢን ሃይስ» ካለ የፍትወት ስሜቱን ተናግሯል፤ ይህ በሥራ ቦታ የሚያሳፍር ነው። ትክክለኛው «ሚር ኢስት ካልት» ነው፦ «ለእኔ ብርድ ነው»። አሁን አማርኛውን እዩት። እኛ «እኔ ቀዝቃዛ ነኝ» ብለን እናውቃለን? «በረደኝ» እንላለን። ብርዱ አድራጊ፣ እኔ ተቀባይ ነኝ፤ ያ «ኝ» የጀርመንኛው «ሚር» ወንድም ነው። እንዲያውም ከዚህ ይበልጥ የሚቀርብ «ሚኽ ፍሪርት» የሚል አነጋገር አላቸው፤ ቁልጭ ያለ «በረደኝ» ነው። በድሮው ጀርመንኛ «ሚኽ ሁንገርት» ይባል ነበር፤ «ራበኝ»። ዛሬ ግን በንግግር «ኢኽ ሃበ ሁንገር» ነው የሚሉት፤ «ረኃብ አለኝ» እንደማለት።

ይህ ጓዳ ሰፊ ነው። «ሽሜክት ሚር» ጣመኝ። «ጌፌልት ሚር» ደስ አለኝ። «ሚር ቱት ዴር ኮፕፍ ቬ» ራሴን አመመኝ። ከሁሉ የሚያምረኝ «ዱ ፌልስት ሚር» ነው። እንግሊዝኛ በኩል የመጣ ተማሪ ይህን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ ያበላሸዋል፤ የሚናፍቀውን ሰው ባለቤት ሊያደርግ ይፈልጋልና «ኢኽ ፌለ ዲር» ይላል። እንዲህ ካለ «እኔ ናፍቄሃለሁ» ማለቱ ነው፤ ናፋቂው ተናፋቂ ሆነ። አማርኛ ተናጋሪ ግን «ናፈቅከኝ» ይላል፤ ባለቤቱ «አንተ»፣ ተቀባዩ «እኔ»። «ዱ» አንተ፣ «ፌልስት» ጎደልክ፣ «ሚር» ለእኔ፤ ቅደም ተከተሉ ሁሉ አንድ ነው። (ጀርመኖች «ኢኽ ፈርሚሰ ዲኽ» የሚል ሌላ መንገድም አላቸው፤ እርሱም ትክክል ነው። ነገር ግን «ፌልስት ሚር»ን የሚፈራ ሰው የገዛ አማርኛውን እንደ ፈራ ይቁጠረው።) «ጀርመንኛ ትችላለህ?» ለሚለውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛ «መናገር» የሚል ግስ ይጨምራል፤ ጀርመንኛ ግን «ኢኽ ካን ዶይች» ብሎ ያበቃል፤ «ጀርመንኛ እችላለሁ»።

ቤት ፍለጋ ላይ የሚሠራው ስሕተት ገንዘብና ጊዜ ያስከፍላል። «ሚተን» መከራየት፣ «ፈርሚተን» ማከራየት ነው። ብዙ ጀማሪ ረጅሙ ቃል የበለጠ ጨዋ ስለሚመስለው «ቤት ፈርሚተን እፈልጋለሁ» ብሎ ማስታወቂያ ያወጣል። ቤት ፈላጊዎች እየደወሉ ስንት ክፍል እንዳለው ይጠይቁታል፤ የሚያከራየው ሰው ግን አይደውልለትም። አማርኛ ይህን ልዩነት በአንዲት ፊደል ይሠራዋል፦ ተከራየ፣ አከራየ። «ፈር»ን እዚህ እንደ «አ» ያዙት። «ካውፈን» መግዛት፣ «ፈርካውፈን» መሸጥም በዚሁ ይሄዳሉ። ሆኖም «ፈር» ሁልጊዜ ይህን ሥራ አይሠራም፤ «ፈርሽቴን» መረዳት ነው፤ «ፈርሽፕሬኸን» ቃል መግባት ሲሆን «ዚኽ» ሲጨመርበት ደግሞ ሲናገሩ አፍ መሳት ይሆናል። ስለዚህ የምሰጣችሁ መያዣ እንጂ ሕግ አይደለም። ተበደረና አበደረን ስንለይ እንኳ ጀርመንኛ «ላየን» በሚል አንድ ግስ ሁለቱንም ይላል፤ ማን ለማን የሚለውን ከቀረው ዓረፍተ ነገር መልቀም ነው።

እዚያው ቤት ፍለጋ ላይ ሳለን፦ ማስታወቂያ ላይ «ካልትሚተ» የሚል ታያላችሁ፤ ቃሉ «ቀዝቃዛ ኪራይ» ነው። ቤቱ ማሞቂያ የለውም ማለት አይደለም፤ የማሞቂያና የሌላው ወጪ ያልተጨመረበት ባዶ ኪራይ ነው። «ቫርምሚተ» እነዚያ የተጨመሩበት ነው። አከራዩ የሚጠይቀው መያዣ፣ «ካውጺዮን»፣ በሕግ ከሦስት ወር ባዶ ኪራይ መብለጥ አይችልም። «ጽቫይ ጺመር» የሚለው ሁለት ክፍል ደግሞ ሁለት መኝታ ቤት አይደለም፤ ሳሎኑም ተቆጥሯል፤ ወጥ ቤትና መታጠቢያ ግን አይቆጠሩም።

አማርኛ ሁልጊዜ ያድናል ብዬ ግን አልዋሽም። ራሱም የሚቆፍራቸው ጉድጓዶች አሉት። እኛ በእግርም በአውሮፕላንም «ሄደ» እንላለን። ጀርመንኛ ይለያል፦ በእግር ከሆነ «ጌን»፣ በተሽከርካሪ ከሆነ «ፋረን»፣ በአየር ከሆነ «ፍሊገን»። ለዕረፍት አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰበ ሰው «ጌን» ካለ ሰሚው ጠቅልሎ ሊመለስ ነው ብሎ ሊረዳው ይችላል። «አወቀ»ም ለሁለት ይከፈላል፤ ሰው ወይም ከተማ ከሆነ «ኬነን»፣ አንድ ነገር መሆኑን ከሆነ «ቪሰን»። «በላ» ለሰው «ኤሰን» ሲሆን ለከብት «ፍሬሰን» ነው፤ ሁለተኛውን ለሰው መጠቀም ስድብ ነው። «ጓደኛዬ» ደግሞ እንዲሁ «ማይን ፍሮይንት» ከተባለ፣ በተለይ ተናጋሪዋ ሴት ከሆነች፣ ፍቅረኛዬ ማለት ይሆናል፤ ተራ ጓደኛ ሲሆን «አይን ፍሮይንት ፎን ሚር»፣ ከጓደኞቼ አንዱ፣ ይባላል።

ከነዚህ የከፋ ሆኖ ያገኘሁት «ተማረ» ነው። ለኬጂ ልጅም ለዶክትሬት ተማሪም «ይማራል» እንላለን። ጀርመንኛ «ሽቱዲረን»ን ለዩኒቨርሲቲ ብቻ ነው የሚያስቀምጠው። የቋንቋ ኮርስ የጀመረ ሰው መሥሪያ ቤት ሄዶ «ዶይች ሽቱዲረ» ካለ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በጀርመንኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ዲግሪ እየሠራ ነው ማለቱ ነው፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ ማስረጃ ይጠየቃል። «ኢኽ ሌርነ ዶይች» በቂ ነው።

ከጣሊያን የወረስናቸው ቃላት ጥሩ ስንቅ ናቸው። ፋብሪካ «ፋብሪክ»፣ ጎማ «ጉሚ»፣ ሰላጣ «ዛላት»፣ ቢራ «ቢር»። መኪና ላይ ግን ቆም በሉ። «ማሺነ» ከመኪና ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን አውቶሞቢል ሳይሆን ማንኛውም ማሽን ነው። ልብ ካላችሁ አማርኛም ይህን ትርጉም አልጣለውም፤ «የስፌት መኪና» እንል የለም? ጀርመኖች «ኔማሺነ» ይሉታል፤ ቃል በቃል ያው ነው። የሚነዳው መኪና «አውቶ» ነው።

ቁጥር ሌላ ፈተና ነው። 47ን «ሰባትና አርባ» ብለው ነው የሚናገሩት፦ «ዚበን ኡንት ፊርጺኽ»። ስልክ ቁጥር ሁለት ሁለት እያደረጉ ሲነግሩን አራቱን አስቀድመን ለመጻፍ የፈጠነው እጃችን ሰባት ይቀድመዋል። ዓረብ አገር ሠርተው የተመለሱ እኅቶቻችን ይህን ከማንም በፊት ሲይዙት አይቻለሁ፤ ዓረብኛም አንዱን ከዐሥሩ አስቀድሞ ይቆጥራልና። ከፍ ያሉ ቁጥሮች ላይ ደግሞ የጀርመን «ቢሊዮን» የእኛ ቢሊዮን አይደለም፤ የእኛው ሺህ ጊዜ ተባዝቶ ነው። እኛ ቢሊዮን የምንለውን እነርሱ «ሚሊያርደ» ይሉታል። «ሞርገን» ነገም ነው፣ ጠዋትም ነው። ይህ የሚያደናግረው ሰው ነጋ፣ ንጋት፣ ነገ የሚሉትን ደጋግሞ ይበላቸው፤ የእኛም ነገ ከንጋት የወጣ ነው።

ቃሉን ያለ ጾታው ማጥናት ከባድ ስሕተት ነው፤ ምክንያቱም ጾታው ሲለወጥ ቃሉ ራሱ ሌላ ይሆናል። «ዴር ዜ» ሐይቅ፣ «ዲ ዜ» ባሕር ነው። «ዴር ላይተር» ኃላፊ፣ «ዲ ላይተር» መሰላል። «ዲ ሽቶየር» ግብር፣ «ዳስ ሽቶየር» የመኪና መሪ። አማርኛም ጾታን ለሌላ ሥራ ያውለዋል፤ ትንሽና የምትወደድ ቤትን «ቤቷ» እንላለን። ጀርመንኛ ሲያሳንስ «ኸን» ይጨምርና ቃሉን ወንድም ሴትም ያልሆነ ያደርገዋል። «ሜትኸን»፣ ልጃገረድ፣ «ዳስ» የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ሴትነቷ ተክዶ አይደለም።

ድምፅን በሚመለከት ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው ያ «ኽ» ነው። አማርኛ ስለሌለው ወደ «ሽ» እንወስደዋለን። «ኪርኸ» ቤተ ክርስቲያን ሲሆን «ኪርሸ» የሚበላው ቼሪ ነው። እሑድ ጠዋት የት ነበርክ ሲባል «ቼሪ ውስጥ» ብሎ የማይመልስ አዲስ መጤ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ስለ መጥበቅና መላላት ነው። አማርኛ በጽሑፍ ባያሳየውም ተነባቢን ያጠብቃል፤ «ገና» ሲላላ «አሁንም» ነው፣ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። ጀርመንኛ ሲጻፍ ሁለት ተመሳሳይ ፊደል ተደርድሮ ስናይ እኛ እንደ ለመድነው እናጠብቀዋለን። እነርሱ ግን አያጠብቁም፤ ድርብ ፊደል የሚያሳየው ከፊቱ ያለው አናባቢ አጭር መሆኑን ነው። «ሚተ» አናባቢው ሲረዝም ኪራይ፣ ሲያጥር መካከል ነው። እኛ ርዝመትን ስለማንሰማ ጆሯችን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል፤ ይህን በማዳመጥ ካልሆነ በመጽሐፍ ማስተማር አይቻልም።

በነርስነት ለሚሄዱት አንድ ነገር ልጨምር። «ሽቬስተር» እኅትም ነርስም ነው፤ ሐኪም ቤት ውስጥ «ሲስተር» ብለን ለምንጠራ ሰዎች ይህ አዲስ አይደለም። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሥልጠናውን የጀመሩ ሴቶች ሲያጠናቅቁ በሕግ የሚሰጣቸው የሙያ መጠሪያ «ፕፍሌገፋኽፍራው» ሆኗል፤ ማመልከቻ ላይ የሚያገኙት ይህን ነው። ሕመምተኞችን ግን «እናቴ»፣ «አባባ» ብሎ መጥራት አይቻልም። ለእኛ ማክበር የሆነው እዚያ ማናናቅ ይመስላል። «ፍራው» ወይም «ሄር» ብሎ የቤተ ሰብ ስም ማስከተል፣ ከዚያም «ዚ» ማለት ነው ክብሩ። ይህ «ዚ» እርስዎ ነው፤ አንተና እርስዎን ከልጅነቱ ለይቶ ላደገ ሰው አያስቸግርም።

አንድ ታሪክ ላንሣ። ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የጀርመን ሊቅ የአምሐራውን ሰው አባ ጎርጎርዮስን እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ አገኛቸው፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ወደተባለች የጀርመን ከተማ መጡለትና ግእዝና አማርኛ አስተማሩት። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ሰጥሞ ሞቱ። ሉዶልፍ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላቱን በ1698 ፍራንክፈርት ላይ ሲያሳትም የአማርኛውን ቃል የፈታው በላቲን ነበር። የዚያ ዘመን ሊቃውንት መገናኛ ላቲን ስለነበረ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። እኛ ግን አለን።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ደብተራችሁን ለውጡ። አዲስ ቃል ስትጽፉ ጎኑ የእንግሊዝኛ ፍቺ አታስቀምጡ። መጀመሪያ «ዴር»፣ «ዲ» ወይም «ዳስ» ይግባ፤ ቀጥሎ ብዙ ቁጥሩ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር። «ሚተን» ከሆነ «ባለፈው ወር ቤት ተከራየሁ» ብላችሁ ጻፉ። «ፌልስት ሚር» ከሆነ ለእናታችሁ የምትሉትን ጻፉ። ሐኪም ቤት ደውላችሁ «ሃልፕ ድራይ» ስትባሉ ደግሞ ስልኩን ከመዝጋታችሁ በፊት «ፊርጼን ኡር ድራይሲኽ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ 14፡30 ማለት ነው፤ በእኛ ሰዓት ስምንት ተኩል።